የካቲት አጠገብ ያለች ነጥብ

እትዬ ከአልጋ መነሣት ያቆሙት ባለፈው ዓመት በጥቅምት ነው። በዚያው ሳምንት ከኮሚቴው ደብዳቤ መጣ። ዓይናቸው ከደከመ ስለቆየ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

እትዬ የምላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እንጂ ዘመዴ አይደሉም። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ አጥር ተካፍለን ከአርባ ዓመት በላይ ኖረናል። እሳቸው መምህርት ነበሩ፤ እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ባል አላገቡም። ልጅም የላቸውም። የእኔም ልጆች የሚኖሩት ራቅ ብለው ስለሆነ፣ ከጡረታ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ መሹለኪያ አልፌ እሳቸው ቤት እገባ ነበር። አብረን ሬዲዮ እንሰማለን፤ ብዙም አናወራም።

አባታቸው መሐንዲስ ነበሩ። ውጭ አገር ተልከው ምሕንድስና ተምረው ከተመለሱት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ናቸው ይባላል። የአውራጃው መሐንዲስ ሆነው ሲሠሩ መንገድ አውጥተዋል፤ ውኃ አስገብተዋል፤ ድልድይ አሠርተዋል። የደብዳቤውም ጉዳይ ይኸው ነበር። ከአንኮበር በታች በሚሠራው አዲስ ድልድይ ላይ ስማቸው እንዲጻፍ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አሁን ተቃውሞ ገጥሞታል። ቀድሞ እዚያው ቦታ ላይ የነበረው የድንጋይ ድልድይ በገበያ ቀን ፈርሶ ሰው ገድሏል። ያን ድልድይ የሠሩት እሳቸው ከሆኑ ስማቸው እንዴት በአዲሱ ላይ ይጻፋል ነው ነገሩ። ስለ አካባቢው የጥንት ግንባታዎች የተዘጋጀ መጽሐፍም ወደ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። የተለየ ማስረጃ ያለው ሰው እስከ ወሩ የመጨረሻ ዓርብ ያቅርብ ይላል።

እትዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

«አባቴ ያን ድልድይ አልሠራም» አሉ። «ድልድዩ ሲያልቅ እኛ ሐረር ነበርን። እናቴ ስትናገር ሰምቻለሁ።»

«የጽሑፍ ነገር አለዎት?»

ከሣጥናቸው አንድ ወረቀት አስወጡኝ። አባታቸው ወደ ሐረር የተዛወሩበት ደብዳቤ ነው፤ ቀኑም ዓመቱም በግልጽ ይነበባል።

«ይኼን ይዘሽ ሂጂልኝ። እኔ እንግዲህ ሳልቆይ መሄዴ ነው። ሰው ገዳይ ተብሎ በመጽሐፍ ታትሞ ትቼው አልሄድም።»

እትዬ በዚህ ነገር ብዙ ተጎድተዋል። ድልድዩ በፈረሰ ሰሞን ወላጆች ልጆቻቸውን ከእሳቸው ክፍል አስወጥተዋል። አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ፣ «አባትሽ ወንድሜን የቀበረበት ድንጋይ የት ነው ያለው?» ብላቸዋለች። ይህን የነገሩኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነው።

የኮሚቴው ጸሐፊ ታሪክ ያስተማረ፣ ሃምሳውን ያለፈ ትሑት ሰው ነው። ደብዳቤውን አገላብጦ አየና ከፋይሉ አንድ ፎቶ ኮፒ አወጣ።

«ችግሩ ይኼ ነው እማማ። ያለን ዋና ምንጭ የቀድሞው የመንገድ ሥራ ክፍል ቋሚ መዝገብ ነው። ይመልከቱት።»

አየሁት። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በመንገድ ሥራ ክፍል በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ የተበታተኑትን አሮጌ ፋይሎች በአንድ ቋሚ መዝገብ መገልበጥ ነበር። ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ። ጽሑፌ ቆንጆ ስለነበረ አለቃዬ ለእንግዳ ሁሉ ያሳየው ነበር። ፎቶ ኮፒውን ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው፤ አልደብቅም።

መዝገቡ የድልድዩን ቦታ፣ ወሩን የካቲት፣ ዓመቱንም ይናገራል። በመጨረሻው ዓምድ ላይ «በአውራጃው መሐንዲስ» ይላል። ስም የለም። እንግዲህ ማን እንደሠራው የሚታወቀው በዓመቱ ነው። ዓመቱ ደግሞ የእትዬ አባት በሥራ ላይ ከነበሩበት ዘመን መካከል ይወድቃል። ሐረር የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ተመልሼ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«መዝገቡ ስህተት ነው» አሉ።

«እትዬ፣ መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ በአንድ ነው የገለበጥኩት። መዝገቡ አይሳሳትም።»

የምታስታምማቸው ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነች ሴት ናት። ብርድ ልብሱን እያስተካከለች በዓይኗ ገላመጠችኝ።

«ለታመመ ሰው እንዲህ ይባላል?» አለችኝ በር ላይ።

«እውነቱን ነው የነገርኳቸው።»

«እውነቱ እስከ ነገ ቢቆይ ምን ይሆናል? የሚሄድበት አለው?»

በማግሥቱ አንኮበር ሄድኩ።

አንኮበር የሄድኩት ከድልድዩ አጠገብ ያለችው ቤተ ክርስቲያን አሮጌ የወንጌል መጽሐፍ እንዳላት ስለማውቅ ነው። የድሮ አለቆች ከመጽሐፉ መጨረሻ ባሉት ባዶ ገጾች የአገሩን ነገር ይጽፉ ነበር፤ የርስት ክርክር፣ የበሽታ ዘመን፣ የደወል መሰቀል። ድልድይም ከተሠራ አይቀርም ብዬ ነው። ዓመቱን በወንጌላዊው ስም ይጽፉታል። ዓመታት በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ እየተሠየሙ በአራት በአራት ይዞራሉና፣ የመዝገቡ ዓመት ከተጻፈው ወንጌላዊ ጋር ካልገጠመ መዝገቡ ተሳስቷል ማለት ነው። እንዳይገጥም ተመኘሁ። በራሴ ጽሑፍ ላይ ስህተት ለማግኘት ስመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሚኒባሱ ከከተማ እንደወጣ ጉም ገባ። ከኋላዬ የተቀመጠች ነጋዴ ሴት አላስቻላትም።

«አንተ ሹፌር፣ ገደሉ ይታይሃል?»

«አይታየኝም።»

«ወይኔ ልጆቼ! ታዲያ እንዴት ትነዳለህ?»

«ሲታየኝማ እኔም እንዳንቺ ነው የምጮኸው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ የዝውውሩን ደብዳቤ በቦርሳዬ ውስጥ እየዳሰስኩ ነበር።

ቄሱ መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ደጀ ሰላሙ አወጡልኝ። እንድነካው አልፈቀዱም፤ አልጠየቅኩምም። ገጹን አግኝተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ የካቲት የወንዙ ድልድይ ተፈጸመ፤ አስቀድማ የተሻገረችው የቤተ ክርስቲያኒቱ በቅሎ ናት።

«ዓመተ ምሕረቱስ አባ?»

«አልጻፉትም።»

«ለምን?»

«ለምን ይጻፉት እናቴ? ዓመቱን ያውቁታል፤ እየኖሩበት ነው።»

የመዝገቡን ዓመት ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ።

«ማርቆስ ነው» አሉ። «ወሩም የካቲት፣ ዘመኑም ማርቆስ። ገጥሟል። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ አልመጡም።»

አመስግኜ፣ መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ ተገልጦ ቆላው ሁሉ እስከ ታች ይታይ ነበር። እትዬን ምን እንደምላቸው አላወቅሁም። ሁለት ምንጭ ተስማምቷል። ከእሳቸው ዘንድ ያለው የእናታቸው ቃል ብቻ ነው፤ እሱም በሕፃንነት የተሰማ። ሦስት ቀን ቀርቶኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ቄሱ «ወሩም የካቲት» ያሉት ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። መዝገቡም የካቲት ነው የሚለው። ለምን የካቲት አለ?

ፋይሎቹን ስገለብጥ ግማሾቹ በፈረንጅ ቋንቋ የተጻፉ ነበሩ። አለቃዬ ዓመቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እንዳደርገው አዘዘኝ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ከሆነ ስምንት መቀነስ ነው። ቀንና ወሩን መመለስ ግን አድካሚ ስለሆነ እንዳለ ተይው አለኝ። ስለዚህ ዓመቱን የቀነስኩለት ሥራ ሁሉ ወሩ ማርች፣ ኦክቶበር፣ ሜይ እየተባለ በፊደላችን ተጽፏል። ከአማርኛ ፋይል የተገለበጠ ደግሞ ወሩ መጋቢት፣ ጥቅምት፣ ግንቦት ነው፤ ዓመቱም አልተነካም። የቀነስኩትን ካልቀነስኩት ለመለየት ለራሴ አንድ ምልክት ነበረኝ። የቀነስኩለት ወር አጠገብ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አደርግ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። የነገረኝም የለም፤ ከራሴ ያመጣሁት ነው።

የእርሳስ ነጥብ በፎቶ ኮፒ አይወጣም።

በማግሥቱ ጠዋት ዋናው መዝገብ ያለበት ቢሮ ሄድኩ። የምትጠብቀው ሴት ታውቀኛለች። መዝገቡን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝና ወንበር ሳበችልኝ። ቅጠሉን ገለጥኩ። ማርች፣ ነጥብ። ኦክቶበር፣ ነጥብ። ግንቦት፣ ባዶ። ጥር፣ ባዶ። የካቲት፣ ነጥብ።

መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። የእኛ ወር ተጽፎ ነጥብ ያለበት ሌላ አንድም የለም።

ያን ጊዜ ወረቀቱ ራሱ ትዝ አለኝ። ከፈረንጅ ቋንቋ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በጽሕፈት መኪና የተመታ ወረቀት ነበር። ተርጓሚው ዓመቱንም ወሩንም ወደ እኛ መልሶታል። መኪናው ግን የግዕዝ አኃዝ ስላልነበረው ዓመቱን የመታው በፈረንጅ አኃዝ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ፋይሎቹን የምለየው በአኃዙ ነበር፤ የግዕዝ ከሆነ የእኛ ዓመት፣ የፈረንጅ ከሆነ የእነሱ። ከሰዓት በኋላ ሲሆን እጄ ብቻ ነበር የሚሠራው። አንድ ጊዜ ስምንት ከተቀነሰለት ላይ ሌላ ስምንት ቀነስኩ።

ስምንት ዓመት ስጨምርበት ድልድዩ ያለቀው የእትዬ አባት ሐረር ከገቡ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሠራው በእሳቸው ወንበር የተተካ ሌላ ሰው ነው። ወንጌላዊውም ማርቆስ ነው። ስምንት ሁለት ጊዜ አራት ነውና ዞሮ እዚያው ይመጣል። ቄሱ የቆጠሩት ልክ ነው፤ ግን ለሁለቱም ልክ ነው።

ከዚህ የከፋውን ልጻፈው። ድልድዩ በፈረሰ ማግሥት አለቃዬ ከፖሊስና ከአውራጃው ሹሞች ጋር ወደ መዝገብ ቤት ገባ። «ማን ነው የሠራው?» አለ። ከሁሉ ቀድሜ መዝገቡን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ገጹን ቶሎ አገኘሁትና ዓመቱን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከሹሞቹ አንዱ፣ «ይኼማ የእሱ ዘመን ነው» ብሎ ስም ጠራ። አለቃዬ በዚያ ቀን አመሰገነኝ፤ ጎበዝ አለኝ። ከእትዬ ጋር ጎረቤት የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ዓርብ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አምስት ሰዎች ነበሩ። መዝገቡን ከቢሮው አስመጡልኝ። ወሮቹን አንድ በአንድ እያሳየሁ አስረዳሁ። በሰው ፊት ብዙ ተናግሬ አላውቅም። ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ ወደ ገጹ ቀረበ።

«ይቺ ነጥብ ናት?»

«አዎ።»

«ያደረግኋት እኔ ነኝ ነው የሚሉት።»

«እኔ ነኝ።»

«እማማ አይቆጡኝና፣ ይቺን ነጥብ ትናንትም ማድረግ ይቻላል።»

«በሌሎቹም ላይ አለች እኮ።»

«አለች። ግን ምን ማለት እንደሆነች የሚናገር ጽሑፍ የለም። የመጀመሪያው ወረቀት የት ነው?»

ቢሮው ሲዛወር ጣሪያው ያፈስ ከነበረ መጋዘን ገብተው ፋይሎቹ በስብሰዋል፤ እሱም ያውቃል።

«መዝገቡ ማኅተም አለው» አለ ሌላው ሰውዬ። «ማኅተም ያለውን በቃል እንዴት እንሽራለን? ደግሞ ጎረቤታቸው ነዎት ተብሏል። ለወዳጅ ሲባል ብዙ ይባላል።»

«መዝገቡን የጻፍኩትም እኔ ነኝ» አልኩ። «ያን ጊዜ ያመናችሁኝ አሁን ለምን አታምኑኝም?»

እንደዚያ መናገሬ ራሴንም አስደነገጠኝ።

ጸሐፊው እስከ በር ሸኘኝ። የእኔን ማመልከቻ ገቢ አድርገው ከፋይሉ ጋር እንደሚያያይዙት፣ መጽሐፉ ግን በመዝገቡ መሠረት እንደሚታተም፣ አዲሱ ድልድይም ያለ ስም እንደሚቀር ነገረኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ «ቢያንስ ክርክሩ አለቀ» አለ።

ከዚያ በቀጥታ እትዬ ቤት ገባሁ። ቤቴ አልፌ ብገባ ተመልሼ እንደማልወጣ አውቅ ነበር። አስታማሚዋ ትራስ ደግፋላቸው ቀና ብለው ተቀምጠዋል።

«ምን አሉ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ነጥቧን፣ ስምንቱን፣ ማርቆስን። በመጨረሻም መዝገቡን ለሹሞቹ ያነበብኩበትን ቀን ነገርኳቸው። ይህን ለኮሚቴው አልተናገርኩም ነበር። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወለሉን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

ብርድ ልብሱን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«አንቺ ነሽ» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«በዚህ በር ስትገቢ ስትወጪ፣ አንቺ ነሽ።»

«አላወቅሁም ነበር።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አስታማሚዋ በእጇ ምልክት ሰጠችኝና ወጣሁ። ለሁለት ሳምንት አላስጠሩኝም። ጠዋት ጠዋት እስከ አጥሩ መሹለኪያ ሄጄ እመለስ ነበር። የሬዲዮውን ድምፅ እሰማለሁ። አስታማሚዋን ሳገኛት፣ «ምን ይላሉ?» እላታለሁ። «ምንም» ትለኛለች፤ መጀመሪያ በቁጣ፣ በኋላ በሐዘን።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠሩኝ። የነፍስ አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር።

«ጻፊ» አሉኝ። ድምፃቸው አንሷል። «የሕይወት ታሪኬን። በቀብሬ ቀን የሚነበበውን። እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ። አባቴ ጋ ስንደርስ ያንቺን ታገቢያለሽ። እንዴት እንደተሳሳትሽ፣ ለማን እንዳነበብሽ። የምታነቢውም አንቺ ነሽ።»

«እኔ በሰው ፊት...»

«የምታነቢው አንቺ ነሽ» አሉ። «አባ፣ ይስሙኝ።»

የነፍስ አባታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጻፍኩ። በሦስት ቀን አለቀ። የተወለዱበትን፣ ያስተማሩበትን፣ ያሳደጓቸውን የሰው ልጆች ነገሩኝ። ይቅርታ አደረግኩልሽ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እያንዳንዱን ዓመት ግን ሁለት ጊዜ እያስደገሙኝ በአኃዝም በፊደልም አስጻፉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት ለመናገር ይከብደኛል። እንዲሰነብቱ እጸልይ ነበር። ስጸልይ ግን ለእሳቸው ይሁን ያን ወረቀት ላለማንበብ አላውቅም። አንድ ቀን ሲያስሉ ሰምቼ ደነገጥኩ፤ የደነገጥኩት ለራሴ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ጸሎቱንም ተውኩት።

በጥር መጨረሻ አረፉ። መጽሐፉ ከዚያ በፊት በነበረው ወር ታትሟል።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው መጣ፤ ያስተማሯቸው ሁሉ መጡ። አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት አረፈና ስሜ ተጠራ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ከወረቀቱ አነበብኩ። አባታቸው ጋ ስደርስ ቆምኩ። የነፍስ አባታቸው ቀና ብለው አዩኝ። ቀጠልኩ። የአንኮበሩን ድልድይ የእሳቸው አባት አልሠሩትም፤ በእሳቸው ዘመን ነው ያሰኘው የእኔ እጅ ስህተት ነው፤ ለሹሞች አንብቤ ያስፈረድኩባቸውም እኔ ነኝ። ስምንቱንም አስረዳሁ። ከኋላ የነበሩት አልሰሙም ይሆናል፤ ነፋስ ነበር። ከፊት ካሉት አንዲት አሮጊት «ወይ ጉድ» አለች። አንብቤ ስጨርስ አስከሬኑ ተነሣ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ብዙ ሰው ከእኔ ጎን አልተቀመጠም። አስታማሚዋ መጥታ ተቀመጠች። ከቆይታ በኋላ የኮሚቴው ጸሐፊ ገባና ከወዲያ በኩል ያለው ወንበር ላይ ሆነ።

«ሰማሁ እማማ» አለ ዝቅ ብሎ።

«ጥሩ።»

«ያን ቀን ለሹሞቹ ማንበብዎን አልነገሩንም ነበር።»

«አልነገርኳችሁም።»

«እንዲህ መሆኑን ባውቅ...» ብሎ አቆመ። «መጽሐፉ እንግዲህ ወጥቷል። ለትምህርት ቤቶችም ተበትኗል። ሁለተኛ እትም ከመጣ ይታያል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«አይታወቅም። የመጀመሪያው ሲያልቅ ነው።»

ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው። ይህን አልነገርኩትም። በቀብሩ ያነበብኩትን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ግልባጭ እንዳለኝ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት።